ቦርዱ አልተቃጠለም ነበር

ከምሳ ዕቃ ትንሽ ከፍ የምትል ኮምፒዩተር ልገጣጥም ብዬ ገንዘቤን ካፈሰስኩ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥቁር ስክሪን ላይ ሳፈጥ ከረምኩ። ጥፋቱ የጥገናውም ሰው አለበት፣ የአምራቹም አለበት፤ ትልቁ ድርሻ ግን የኔ ነው። መልሱ እኮ ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ቦርድ፣ ላይ ተለጥፎ ነበር።

ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ቤቴ ገርጂ፣ ከጓደኛዬ ጋር የምንሠራባት ክፍል ለቡ ናት። አንዱ ጋ መብራት ሲሄድ ወደ ሌላው እሮጣለሁ። ላፕቶፕ አትገዛም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ሁለት ላፕቶፕ በሙቀት ገድያለሁ፤ ሦስተኛውን ለመግደል አቅሙም ልቡም የለኝም። በጀርባ ቦርሳ የምትገባ፣ ክፍሏ ሲበላሽ ክፍሏን ብቻ ቀይሬ የምቀጥላት ማሽን ነው የፈለግሁት። እማዬ ኬዙን ስታየው «ይሄን ሁሉ ብር ለዚች?» አለችኝ። የሕንፃ ፈታሾችም ቦርሳዬን በከፈቱ ቁጥር ሽቦ ያለበት የብረት ሳጥን ያዩና ፊታቸው ይለዋወጣል። አሁን ከመጠየቃቸው በፊት «ኮምፒዩተር ነው» ማለት ለምዶብኛል።

ትንሽ ኮምፒዩተር ሲሠራ ቀድሞ የሚመረጠው ማዘርቦርዱ ነው፤ ኬዙም፣ ማቀዝቀዣውም፣ የራሙም (የጊዜያዊ ማስታወሻው) ብዛት እሱን ተከትሎ ይመጣል። ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው መጠን 17 ሴንቲ ሜትር በ17 ሴንቲ ሜትር ነው። ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያመጣው ነው። ቀጥሎ ያለው ማይክሮ ኤቲኤክስ 24.4 በ24.4 ነው። ወረቀት ላይ ልዩነቱ ሰባት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቦርሳ ውስጥ ሲሆን ግን አንዱ ዚፑን ያስዘጋል፣ ሌላው አያስዘጋም። ዋጋው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቦርዱ ባነሰ ቁጥር ይወደዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምመክረው፣ ማሽኑን ይዘኸው የማትዞር ከሆነ ሚኒ አይቲኤክስ አትግዛ። ጠረጴዛ ሥር ለሚቀመጥ ሳጥን ሁለት የራም ቦታ ብቻ ያለው፣ ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበትም አንድ ብቻ የሆነ ቦርድ መግዛት ለፎቶ ብሎ ጠባብ ጫማ እንደ ማድረግ ነው። ማይክሮ ኤቲኤክስ ገዝተህ በተረፈው ብር ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየውን ሳጥን፣ ግዛ። ዩፒኤሱን ለምን እንዳነሳሁት ወደ ታች ይገባሃል።

ለእኔ ግን መዞሩ ግድ ነበር። ፕሮሰሰር (የማሽኑ አንጎል) ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ራይዘን 5 5600ጂ መረጥኩ። ግራፊክሱ ውስጡ ስላለ ሌላ ካርድ አያስፈልገውም፣ 65 ዋት ነው፣ ቁመቱ አጭር በሆነ ማቀዝቀዣም ይሠራል። ቦርዱን ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ ያገለገለ፣ ቢ450 የሚባለውን ዓይነት ሚኒ አይቲኤክስ አገኘልኝ። ከሱ ቀጥሎ ስለወጣው ቢ550ም አስቤ ነበር። ነገር ግን የሱ ዋና መሸጫ ፒሲአይ 4.0 (ካርድና ዲስክ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኙበት ፈጣን መስመር) ነው፣ 5600ጂ ደግሞ ከ3.0 አያልፍም፤ የማልጠቀምበትን ልከፍል ነው ብዬ ተውኩት። እስከዚህ ድረስ ሒሳቤ ልክ ነበር። የአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ገባሁ፣ የሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ 5600ጂ አለ። «ግዛው» ብዬ በቴሌግራም ላክሁለት። እሱም የቦርዱን ፎቶ ከፊትና ከኋላ አንስቶ ላከልኝ። አየሁት፣ ንጹሕ ነው፣ ደስ አለኝ።

ገጣጠምኩ። ራም ሁለት ባለ 16 ጊጋ። ሁለት ያደረግሁት ውስጠ ግንቡ ግራፊክስ ከራሙ ስለሚበደር ነው፤ በአንድ ራም ብቻ ስታሠራው ያነክሳል። ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ዲስክ ቦርዱ ጀርባ ላይ ስለሚገባ ቦርዱ ኬዙ ውስጥ ሳይታሰር በፊት መግባት አለበት፤ እኔ ካሰርኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ እንደገና ፈታሁ። ማቀዝቀዣው ቁመቱ 37 ሚሊ ሜትር ነው፣ በቀላሉ ገባ። ይሄ ሁሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ከዚያ ማብሪያውን ተጫንኩ። ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም።

ራሙን ነቅዬ ሰካሁ፣ አንድ በአንድ ሞከርኩ፣ የባዮሱን (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው፣ ቦርዱ ላይ የተጻፈው ፕሮግራም) ባትሪ አውጥቼ አሳደርኩ፣ የስክሪን ገመድ ቀየርኩ። ፋኑ ይዞራል፣ ዲስፕሌይ የለም። በአራተኛው ቀን አንድ የጥገና ሱቅ ወሰድኩት። ልጁ አምስት ደቂቃ አገላብጦ አየና «ብሮ፣ ቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። የቱ ጋ አልኩት። «ውስጡ ነው፣ አይታይም።» ለምርመራው 1,500 ብር ተቀበለኝ። ከዚያ ደግሞ ለስፔር ከሸጥክልኝ 2,000 ብር ልስጥህ አለኝ። ሳስበው እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይሄ ነው። የተቃጠለ ቦርድ 2,000 ብር የሚገዛ ሰው ምን አስቦ እንደሆነ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። አልሸጥኩለትም፤ ብልህ ስለሆንኩ ሳይሆን ተናድጄ ነው።

ቤት ተመልሼ ፕሮሰሰሩ ይሆን እንዴ ብዬ ማቀዝቀዣውን ልነቅል ሄድኩ። ቡሎኖቹን ፈታሁና ቀጥታ ወደ ላይ ሳብኩ። በማቀዝቀዣውና በፕሮሰሰሩ መሃል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ሲቀዘቅዝ እንደ ማስቲሽ ነው። ማቀዝቀዣው ፕሮሰሰሩን እንዳቀፈ፣ የሶኬቱ ማንሻ እንደ ተቆለፈ፣ ጧ ብሎ ወጣ። የኔ ቦርድ ባለው፣ ኤኤም4 በሚባለው የፕሮሰሰር ሶኬት ላይ እግሮቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፣ 1,331 ናቸው። ገልብጬ በስልኬ መብራት ሳየው ጥግ ላይ ያሉት ስድስቱ እንደ ዝናብ የመታው ጤፍ ተኝተዋል። ምራቄ ደረቀ።

የ0.5 ሜካኒካል እርሳስ ውስጡን አውጥቼ፣ ባዶ ጫፉን እያንዳንዱ እግር ላይ እያጠለቅሁ በትንሽ በትንሹ ቀና አደረግሁት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ምላጭ በረድፎቹ መሃል አሳልፌ መስመሩን አስተካከልኩ። በቀላሉ ሶኬቱ ውስጥ ወደቀ። ማቀዝቀዣ ስትነቅል መጀመሪያ ማሽኑን አብርተህ ፔስቱን አሙቀው፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እያዞርክ አላቀው እንጂ ወደ ላይ አትሳብ። ይሄን የሚያውቅ ሁሉ ያወቀው እንደ እኔ አንዴ ከሳበ በኋላ ነው።

እግሮቹን ሳቀና ነው ቦርዱን መጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ያየሁት። ትልቁ የፓወር ሶኬት ጎን ላይ ከጥፍር የማትበልጥ ነጭ ስቲከር አለች፣ የባዮስ ቁጥር ተጽፎባታል። ቁጥሩን የአምራቹ ገጽ ላይ ፈለግሁ። የ2019 ባዮስ ነው። 5600ጂ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ቦርዱ ገና ያልተወለደ ፕሮሰሰር ተሸክሞ «ይሄ ማነው?» እያለ ነበር ማለት ነው። ዝርዝሩን ተመልሼ ሳየው 5600ጂ የሚለው ፊት ለፊት፣ ከዳር በኩል፣ ከስንተኛው ባዮስ ጀምሮ እንደሚሠራ የሚናገር ዓምድ አለ። ስሙን አግኝቼ ተደስቼ ገጹን ዘግቼዋለሁ። የአክስቴ ልጅ የላከውን ፎቶ ከፍቼ አጎላሁት፤ ስቲከሯ በግልጽ ትነበባለች። ያኔ ያልተሰደብኩት የሚሰድበኝ ሰው አጠገቤ ስላልነበረ ነው።

አንዳንድ ቦርዶች ፍላሽባክ የሚባል ቁልፍ አላቸው። ፋይሉን በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ላይ አድርገህ፣ ስሙን መመሪያው እንደሚለው ቀይረህ፣ ፓወር ብቻ ሰክተህ ቁልፉን ትጫነዋለህ፤ ፕሮሰሰር ባይኖርም ባዮሱ ይታደሳል። የኔ የለውም። የሌለው ቦርድ የሚታደሰው ቦርዱ የሚያውቀው የድሮ ፕሮሰሰር ተሰክቶበት ነው። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2018 ተመሳሳይ ችግር ሲፈጠር ለደንበኞቹ ለአጭር ጊዜ ፕሮሰሰር ያውስ ነበር። መልካም ነው፤ ገርጂ ላለ ሰው ግን ይሄ የሩቅ ዘመድ ነው።

ሰፈራችን ያለ ጌም ዞን ውስጥ አንዱ ማሽን ራይዘን 3 2200ጂ እንዳለው ሰማሁ፣ የ2018 ፕሮሰሰር ነው። ባለቤቱ ወጣት ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ከዚህ ቤት አይወጣም፤ እዚሁ እንሥራው፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይወጡ» አለኝ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ዩፒኤሴን በባጃጅ ጭኜ ደረስኩ። የቦርዱ አምራች ከአሮጌው ባዮስ ቀጥታ ወደ አዲሱ መዝለል አይቻልም፣ መጀመሪያ አንድ መሃለኛ ጫን ይላል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ነው የምንጭነው። ዩፒኤሱ ባትሪው ደካማ ስለሆነ ኮምፒዩተሩን ብቻ እሱ ላይ ሰካን፣ ሞኒተሩን ዲቫይደር ላይ።

የመጀመሪያው ጭነት 61 ከመቶ ሲደርስ መብራት ሄደ።

ሞኒተሩ ጠፋ። ዩፒኤሱ ጲ፣ ጲ ይላል። ፋኑ ይዞራል። የምናየው ነገር የለም፤ ሞኒተሩን ወደ ዩፒኤሱ እናዙረው ብንል ባትሪው ባይችለውስ? ባዮስ እየተጻፈ ከተቋረጠ ያ የጥገናው ልጅ ትንቢቱ ሠመረ ማለት ነው። ሁለታችንም ጨለማ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብለን ጆሯችንን ኬዙ ላይ ደቅነን ፋን አዳመጥን። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፋኑ ቆመ። ትንፋሼም ቆመ። ከዚያ ፋኑ እንደገና ተነሳ። ራሱን ሪስታርት አድርጎ ነበር። ልጁ «ጋሼ፣ ተረፈ!» ብሎ ጀርባዬን መታኝ። ሁለተኛውን የጫንነው መብራት መጥቶ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ በኋላ ነው። ከዚያ ስድስት እግሩ የተጠገነውን 5600ጂ መልሼ ሰካሁ፣ ስክሪኑ በራ።

መመሪያዎች ሁሉ ማሽንህ ደህና እየሠራ ከሆነ ባዮሱን አትንካ ይላሉ። በዚህ አልስማማም። አሮጌ ቦርድ የሚታደሰው ደህና እየሠራ እያለ፣ አሮጌው ፕሮሰሰሩ ሳይነቀል ነው፤ ከተነቀለ በኋላማ ጌም ዞን ለጌም ዞን መዞር ነው። ያለ ዩፒኤስ ግን አይሞከርም። ፍላሽባክ ያለውን ቦርድ ደግሞ ጥቂት ጨምረህም ቢሆን ግዛ፤ ቢ550ን የናቅሁት በፒሲአይ ምክንያት ነው፣ ብዙዎቹ ይሄ ቁልፍ እንዳላቸው አላሰብኩም።

ሌላ ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ የሙቀት ሙከራዎቹን የሚሠሩት ሰዎች ከባሕር ጠረፍ ብዙ ከፍ በማይሉ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ፋን የሚገፋው ነገር ያንሳል። የክፍላችን ቅዝቃዜ የተወሰነውን ያካክሳል እንጂ በጠባብ ኬዝ ውስጥ ረጅም የሰርግ ቪዲዮ ሲወጣ ሙቀቱ ይሰማሃል። ከማቀዝቀዣህ በላይ የጣት ስፋት ክፍተት የሚተርፍ ኬዝ ምረጥ።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬም እንደኔው ልሥራ ስላለ የአክስቴን ልጅ ሌላ ቦርድ እንዲፈልግ ላክሁት። «ስቲከሯን አሳየኝ፣ ከሁሉ በፊት ስቲከሯን» ብዬ በድምፅ ሦስት ጊዜ ደገምኩለት። ፎቶው መጣ። አጎላሁት። ቦርዱን የያዘበት አውራ ጣቱ ልክ ስቲከሯ ላይ ነው።