ዝናብ አናታችንን ለምን አይበሳውም?

ዛሬ ከሰዓት ፒያሳ ላይ ዝናብ ያዘኝ። የጎንደርን የሐምሌ ዝናብ መቼም ታውቁታላችሁ። አንድ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት እናት አጠገቤ አሉ። ደብተሬን ገልጬ ለነገ ፈተና ስታገል አዩኝና፣ "ልጄ፣ ይሄ ውሃ ከዚያ ሁሉ ሰማይ ወርዶ አናታችንን እንዴት አይበሳውም?" አሉኝ።

ደነገጥኩ። ደብተሬ ላይ ያለው ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (የሚወድቅ ነገር ፍጥነት እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሰላው ቀመር) እሱው ነበር እኮ!

"እማማ፣ አየሩ እየያዘው ነው" አልኳቸው። ጠብታው በፈጠነ ቁጥር አየሩ ይበልጥ ይገፋዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ግፊቱ ከክብደቱ ጋር እኩል ሲሆን መፍጠኑ ያበቃል። የትልልቁ ጠብታ ፍጥነት በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። አየር ባይኖር ግን ከ2,000 ሜትር የወረደ ጠብታ በሰከንድ 200 ሜትር ያህል እየበረረ ይደርስብን ነበር።

እማማ መልስ አልሰጡኝም። ከሥራቸው አንድ ቆረቆንዳና አንድ የበቆሎ ቅጠል አነሱ። እጃቸውን ከፍ አድርገው እኩል ለቀቋቸው። ቆረቆንዳው ጧ! ቅጠሉ ግን ወዲያ ወዲህ እያለ፣ እየተገለበጠ፣ ምንም እንዳልቸኮለ ሰው መጥቶ ጫማዬ ላይ አረፈ።

"እንዲህ ነው በለኛ" አሉኝ።

እኛ ክፍል ውስጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይሄን ስንፈታ አንድ ነገር እንኳ ሲወድቅ አላየንም። በቀመሩ ውስጥ የመሬት ስበትንና የአየሩን ግፊት የሚወክሉት ጂ እና ኬ ለእኔ ፊደል ብቻ ነበሩ (ፈተናው ላይም ያው ፊደል ናቸው፣ ምን ላድርግ)።

ሲያባራ አንድ በቆሎ ገዛሁ። ቅጠሉ አሁን ደብተሬ ውስጥ ነው።