ሬዲዮ የሌለው ስልክ

አዲሱ ስልኬ ጨረቃን አጉልቶ ፎቶ ያነሳል። ሻጩ ይህንን ሲያሳየኝ ዓይኑ እያበራ ነበር። እኔ ግን ጨረቃን ቀርቤ ልያት ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። የምፈልገው ከሥራ ስወጣ፣ ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ እስክደርስ፣ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ መስማት ነው። እሱን ደግሞ አይችልም።

ጣጣው የኢርፎን ቀዳዳው ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ከአይፎን 7 ላይ ሲያነሳው ነገሩን «ድፍረት» ብሎት ነበር። ሌሎቹም ሲስቁ ከርመው ተከተሉት። ብሉቱዝ አለ አይደል ይሉኛል። አለ፤ ግን ያ ገመድ አንቴናም ነበር። የኤፍኤም ሞገድ ርዝመቱ ወደ 3 ሜትር ስለሚጠጋ፣ ደህና አድርጎ የሚቀበለው አንቴና ስስ ስልክ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ስልኩ የኢርፎኑን ገመድ ይዋሳል። የድሮው ስልኬ ገመዱን ስነቅለው «ኢርፎን ይሰኩ» እያለ እምቢ የሚለኝ ለዚህ ነበር። ቀዳዳው ሲቀር ሸገር 102.1ም አብሮ ቀረ። ሬዲዮ እኮ ጥቅል አይበላም፣ ኔትወርክ ሲጨናነቅ አይቆራረጥም!

ገመድ አልባውንም ሞክሬዋለሁ። ለሦስት በተሠራ የታክሲ ወንበር አራተኛ ሆኜ ተጣብቄ ሳለ አንዷ ፍሬ ወደቀች። በሰው ጫማ መሐል ስዳብስ ረዳቱ «እናት፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ። «ጆሮዬ» ልለው ትንሽ ነው የቀረኝ።

የሲም ማስገቢያውም ያው ነው። ባለ ሁለት ሲም ተብሎ ይሸጣል፤ ሚሞሪ ላስገባ ስል ግን አንዱን ሲም አውጪ ይለኛል። የትኛውን? ቴሌብሬ ያለው በአንደኛው ነው፣ ዳታ የምሞላው በሌላኛው። እና የድሮ ፎቶዎቼን የያዘችው ሚሞሪ በሶፍት ተጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ትዞራለች። የጣት አሻራውም ሽንኩርት ስከትፍ ቆይቼ ከነካሁት አያውቀኝም፤ ይሁን፣ ለእሱ ፓተርን አለ።

የምወድለት ነገር የለም አልልም። በፊቱ ስደፋው ጥሪው ጸጥ ይላል፤ ስብሰባ መሐል የሚደውሉ ዘመዶች ያሉት ሰው ይህን ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁለቴ ነቅነቅ ሳደርገው ባትሪው ይበራል። ይህን ያሰበው ሰው መብራት የሚጠፋበት አገር ሳይኖር አይቀርም።

የእህቴ ልጅ ሲሰለቸው «አክስቴ፣ በቃ አፑን አውርደሽ ስሚ» አለኝ። አወረድኩ። ጥቅል መብላቱንስ ልቻለው፤ ድምፁ በኢንተርኔት ዞሮ እስኪመጣ ግን ይዘገያል። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ኳስ ነበር። ሹፌሩ ጨዋታውን በሬዲዮ ከፍቶታል፤ መጨረሻ ወንበር ላይ ስለነበርኩ ለእኔ አይሰማኝም፣ ያንኑ ጣቢያ በአፑ እከታተላለሁ። በድንገት የፊተኞቹ «ጎል!» ብለው ጮኹ። በእኔ ጆሮ ኳሷ ገና መሐል ሜዳ ላይ ናት። ለገሃር ጋ «ወራጅ አለ» ብዬ፣ ሰው አስነስቼ ወርጄ፣ በሩ ከኋላዬ ከተዘጋ በኋላ ነው የገባችልኝ።