ተጣጣፊ ጣሪያ ያላት ፔጆ ደብረ ብርሃን ላይ፦ ማንም ያልነገረኝ

ይህን የምጽፈው እኔ ስገዛ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ፔጆ 206 ሲሲ (ጣሪያዋ የሚታጠፈውን 206) ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ ኑሯችሁ ሰሜን ሸዋ ከሆነ፣ ስለ ሞተሩ ብዙ አትጨነቁ። የሚያስጨንቀው ቦሎው ነው።

መኪናዋን አዲስ አበባ ገዛሁ። ዋጋ ተከራከርን፣ ውል ተፈራረምን፣ ስም አዛወርኩ። እዚህ ላይ ብዙ ወሬ የለም።

ሞተሩን በአጭሩ። ቤንዚኖቹ ሁለት ናቸው፤ 1.6 ባለ 109 የፈረስ ጉልበት እና 2.0 ባለ 136። በኋላ 1.6 ናፍጣም ወጥቷል። ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ዳገት አለብህ፣ 2.0 ግዛ» አለኝ። እኔ 1.6ቱን ወሰድኩ፣ ዛሬም ብገዛ እሱኑ ነው። ከተራዋ 206 ጋር ሞተሩ አንድ ስለሆነ መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ይገኛል። እርግጥ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ስትወጡ በሁለተኛ ማርሽ ታዘግማላችሁ፣ አይሱዙው ከኋላ ጥሩምባውን ያምባርቅባችኋል። ያምባርቅ። የሞተሩን ቺንጋ (ታይሚንግ ቤልት) ግን መመሪያው የሚለውን ኪሎ ሜትር ሳትጠብቁ፣ እንደገዛችሁ ቀይሩት።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

ለቦሎው በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ላይ መብራት፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ሁሉም አለፈ። ከዚያ ፈታሹ ሊብሬውን አየ፣ መኪናዋን አየ። «ወንድሜ፣ ይሄ ጣሪያ ተቀይሯል።» ከፋብሪካ ስትወጣ እንዲህ ናት አልኩት። «እስቲ ክፈተው።» መስታወቱ አናት ላይ ያሉትን ሁለት መያዣዎች ፈትቼ ማብሪያውን ተጫንኩ። የኋላው ክዳን ወደ ኋላ ተከፈተ፣ የብረት ጣሪያው ታጥፎ ገባ፣ ክዳኑ ተመልሶ ተዘጋ። ወረፋ የያዘው ሹፌር ሁሉ ከበበን። አንዱማ አጨበጨበ። የፈታሹ ፊት ግን አልተፈታም።

ቀጥሎ የእሳት ማጥፊያና ክሪክ ልይ ብሎ የኋላውን አስከፈተኝ። እዚያ ውስጥ ተጎትቶ የሚያያዝ መጋረጃ አለ። ጣሪያው ዕቃ ላይ እንዳያርፍ ቦታ የሚለይ ነው፤ እሱ ካልተያያዘ ጣሪያው ንቅንቅ አይልም። «ኧረ እሱን አትንካው» ብል ማን ሰምቶኝ። መንጭቆ አላቀቀና ክዳኑን ደረገመው።

ወዲያው የሐምሌ ዝናብ ከነበረዶው ወረደ። ማብሪያውን ብጫን መኪናዋ ጢጥ ከማለት በቀር ምንም የለም። መጋረጃውን ላያይዝ ስወርድ «ምርመራ ላይ ያለ መኪና አይነካም!» ብሎ መለሰኝ። ወንበሩ ላይ ውሃ ተኛ። እሱ መጠለያ ሥር ቆሞ ቅጹን ሞላ፦ «ጣሪያው አይሠራም። አካሉ ተቀይሯል።» ዓይኑ እያየ የተከፈተውን ጣሪያ!

«ከፋብሪካው ደብዳቤ አምጣ» ተባልኩ። ፈረንሳይ ልሂድ? ሞዴሏ እኮ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣች ናት። ፔጆ የብረት ጣሪያ ማጠፍ የጀመረውም በ1934 ነው፣ ያውም ዦርዥ ፖሊን በሚባል የጥርስ ሐኪም ንድፍ። ይህን ሁሉ አትሜ ብወስድ «ማስረጃ አይሆንም» አሉ። አንዱ ኃላፊማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አስበይደውና ተገላገል» አለኝ። እንዳትሰሙት። የተበየደች ሲሲ ማለት ጠባብ 206 ናት፣ ሌላ ምንም።

በመጨረሻ ዕድሜያቸው የገፋ ሌላ ፈታሽ መጡ። ጎንበስ ብለው ማጠፊያውን በባትሪ አዩ፣ በጣታቸው ዳሰሱት። «ይሄ የጋራዥ ብየዳ አይደለም፣ የፋብሪካ ነው» ብለው ፈረሙ። አለቀ። ያ ሁሉ ምልልስ ለዚህ ነበር።

ስለዚህ ሊብሬው ላይ የአካል ዓይነቱ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ብር ሳትከፍሉ አንብቡ። እሳት ማጥፊያና ክሪክ ከወንበር ሥር አስቀምጡ፣ የኋላውን እንዳያስከፍቷችሁ። ጣሪያውን ክፈት ካሏችሁ ባትሪው ደክሟል በሉ። ውሸት ነው፤ ቢሆንም በሉ።

የጣሪያውን ጎሚኒዎች ደግሞ ክረምት ሳይገባ ሲሊኮን ቀቧቸው። የደብረ ብርሃን ፀሐይና ውርጭ ያደርቃቸዋል፣ ከዚያ ውሃው ጭናችሁ ላይ ነው። የሲሲ ጎሚኒ ከተራዋ 206 ስለማይገጥም ሶማሌ ተራም አጣሁት። የኔ በዘመድ ሻንጣ ከውጭ መጣ። ኤርፖርት ላይ ያየነውን ጣጣ ግን ተዉት።