ራይን ዳር የተቆጠርንበት ቀን

ፌስቡክ ላይ ከጀርባዬ ግንብ የሚታይባትን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። «ግንቡን ተከራይታችሁ ነው?» ያለኝ የሰፈሬ ልጅ አለ። አንዷ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ «እናንተማ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትዝናናላችሁ፣ እኛ ቢሾፍቱ ለመሄድ እንኳ የሰው ሰርግ እንጠብቃለን» ብላ የሚያለቅስ ፊት አስከተለችበት። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ስለሰለቸኝ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። እዚህ ጀርመን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ቅዳሜም እሁድም የሥራ ቀን ነው። የነሐሴን ዕረፍት የጠየቅሁት በኅዳር ነው፤ እዚህ የሚመጣው ዓመት ኡርላውብ፣ የዓመት ዕረፍቱ ማለት ነው፣ የሚከፋፈለው የያዝነው ዓመት ሳያልቅ ነው። ኅዳር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ውጭው ጨልሞ፣ ነሐሴ ላይ ማን ታሞ ማን ድኖ እንደሚገኝ ሳላውቅ፣ ሰንጠረዡ ላይ ስሜን አሰፈርኩ። ልጅ ያላት ሰው ደግሞ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብቻ ነው የምትንቀሳቀሰው። ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ልጄን ይዤ ልውጣ ብትሉ ቅጣት አለው። የልጅ እናት ሁሉ በአንድ ሳምንት ስለሚወጣም የማረፊያ ቤት ኪራዩ በዚያው ሳምንት ይሰቀላል። «እግዜር ያለው ቀን እንሄዳለን» ብሎ ነገር እዚህ አይሠራም፤ እግዜርም ቢሆን ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ መያዝ አለበት።

ዘንድሮ የተንቀሳቀስነው በእማዬ ምክንያት ነው። ቪዛዋ እንዴት እንደተገኘ አልተርክም፤ ያየው ያውቀዋል። ወጪዋን ሁሉ እኔ እሸፍናለሁ ብዬ የፈረምኩበት ወረቀት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መጣች፤ ፍራንክፈርት ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ሥር ተቀምጣ መንገዱን ስትመለከት ሰነበተችና «ይኼ አገር ሰዉ የት ነው የሚውለው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ባለቤቴ የራይንን ወንዝ ያነሳው።

ለእኛ ቢጤ ቤተሰብ ራይን የሚመችበት ምክንያት ቅርብ መሆኑ ብቻ አይደለም። የወር የባቡር ትኬት አለን፤ በፈረንጆቹ 2023 በ49 ዩሮ የተጀመረው፣ በ2025 58፣ በ2026 ደግሞ 63 የሆነው። በፈጣኑ ባቡር አያስኬድም እንጂ በሚያዘግመው ባቡር አገሩን ሁሉ ያዞራል፤ ራይን ዳር ደግሞ የሚያዘግመው ነው የሚሻለው። ከቢንገን ከተማ እስከ ኮብሌንዝ ከተማ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዙ በገደል መካከል ይጠማዘዛል። ግራና ቀኙ ተዳፋት ላይ ወይን ተተክሏል፤ ከወይኑ በላይ ግንብ አለ፣ ግንቡን አልፋችሁ ሌላ ግንብ። ዩኔስኮ በ2002 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ፈረንጅ መንገድ ሲያሳምር ያውቅበታል፤ ይኼን አልክድም።

እማዬ ግን በቀላሉ የምትደነቅ ሰው አይደለችም። ሎረላይ የሚሉትን ቋጥኝ ባለቤቴ በኩራት አሳያት፤ ከውሃው በላይ 132 ሜትር ነው፣ አናቱ ላይ ፀጉሯን የምታበጥር ቆንጆ ተቀምጣ በዘፈኗ ጀልባ ታሰጥም ነበር፣ ሃይነ የሚባለው ባለቅኔያቸው በ1824 ግጥም ጽፎላታል እያለ። «እና ይኼ ነው ተራራው?» አለች። ሰው ደብረ ሲናን በአውቶቡስ ወርዶ ወጥቶ ካደገ በኋላ ምን ይባላል? «ደግሞ ጋኔን ያለበትን ቦታ ልጆቹን ይዛችሁ ታሳያላችሁ» ብላ አማተበች።

የወደደችው ካውብ የምትባል ከተማ ጋ ያለውን ነው። ወንዙ መሀል ደሴት ላይ የቆመ፣ ከሩቅ የድንጋይ መርከብ የሚመስል ነጭ ግንብ አለ። ጌቶቹ ወንዙን በሰንሰለት ዘግተው የሚያልፈውን ጀልባ ሁሉ ያስከፍሉ የነበረበት ነው። ይኼን ስነግራት ፊቷ በራ። «ኬላ ነው በይኛ! የቀረጥ ኬላ!» አያቷ ጨው ነጋዴ ስለነበሩ ኬላ የሚባለውን ነገር ከነምሬቱ ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላ ባየችው ግንብ ሁሉ «ይኼኛውስ ስንት ያስከፍል ነበር?» እያለች ልጆቹን አሳቀቻቸው።

እና ወደ ነገሩ ልምጣ።

ያረፍነው በአንዲት የወይን መንደር ውስጥ፣ አንዲት አሮጊት ከቤታቸው ምድር ቤቱን በሚያከራዩበት ነው። የሴትዮዋንም የመንደሩንም ስም አልናገርም። ስንይዘው ቅጹ «ስንት ሰው?» ይላል፤ አምስት ብለን ሞላን፤ አምስት ነንና። አልጋ አምስት፣ ፎጣ አምስት፣ ሰሃን እንኳ አምስት ነው የጠበቀን። ቅዳሜ ጧት የኮሎኙ የአክስቴ ልጅ ደወለ። «እማማ መጥታ እኔ ሳላያት? መንገድ ላይ ነን፣ ኮብሌንዝን አልፈናል።» ስንት ሆናችሁ ብዬ አልጠየቅሁም። አገሬ ላይ የሚመጣን ሰው ስንት ናችሁ ብሎ መጠየቅ አትምጡ ከማለት ምን ይለያል? እሱ፣ ሚስቱ፣ ሁለት ልጆቹ፣ ጓደኛውና የጓደኛው እጮኛ ሆነው ከቸች አሉ።

ፍልሰታ ነው፤ ቅዳሜ ስለሆነ ግን በጧት ይበላል። እንጀራውን ከፍራንክፈርት ይዘን ነበር። ሽሮው ተሠራ፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፤ ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ተጣደ። ጣሪያው ላይ ጭስ ሲሸተው የሚጮህ ዕቃ ስላለ ዕጣኑን አላጨስንም፤ እማዬ ዕጣኑን እሳት ሳይነካው በመሐረብ ጠቅልላ ከስኒዎቹ አጠገብ አስቀመጠችው። ሳቁ ደመቀ። ደስ ብሎን ነበር፣ እውነቴን ነው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ቤት ቤት የሸተተኝ ያን ዕለት ነው።

በሩ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ናቸው። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ በእጃቸው ያቺኑ የሞላናትን ቅጽ ይዘዋል። «ጉተን ታግ» አሉ፤ ከዚያም አመልካች ጣታቸውን ዘርግተው በየተራ እየጠቆሙ መቁጠር ጀመሩ። «አይንስ፣ ትስቫይ፣ ድራይ...» ማንም አልተነፈሰም። የአክስቴ ልጅ ጉርሻ በእጁ እንደያዘ ቀረ። እማዬ መጀመሪያ አልገባትም ነበር፤ ሲገባት ትንሹን ልጄን ስብ አድርጋ ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው። ሴትዮዋ ነጠላውንም ቆጠሩት። አሥር ላይ ደርሰው ሊጨርሱ ሲሉ የአክስቴ ልጅ ሴት ልጅ ከሽንት ቤት ወጣች። «ኤልፍ» አሉ፤ አሥራ አንድ።

«ምነው! ሰው በጣት ይቆጠራል?» አለች እማዬ። «ዳዊት እንኳ ሕዝቡን አስቆጥሮ ምን መቅሰፍት እንደመጣ አልሰሙም?» እኔ ይኼን በምን ጀርመንኛ ልናገር። ቢ ሁለት የሚባለውን የቋንቋ ደረጃ የወሰድኩት ለሥራ ነው፤ ለዳዊት የሚሆን ቃል አላስተማሩኝም።

ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ ያቃጠለኝም ይኸው ነው። ቢቆጡ እቆጣ ነበር። በእርጋታ፣ በትልቅ ትሕትና፣ ውል የተደረገው ለአምስት ሰው መሆኑን፣ ውሃውም ቆሻሻውም ለአምስት የተሰላ መሆኑን አስረዱና ቅጹን ገልብጠው በእስክሪብቶ ሂሳብ ሠሩ። ስድስት ሲባዛ በአሥር፣ ስልሳ ዩሮ። እንግዶቼ ፊት። የበሉት ጉርሻ ጉሮሯቸው ሳይወርድ ዋጋ ወጣላቸው። ካውብ ያለው ኬላ የፈረሰ መስሎን ነበር፤ ለካ ወደ ደረቅ ወጥቷል።

ባለቤቴ ከፈለ። እማዬ ገንዘብ ሲሰጥ አይታ ለምን እንደሆነ ጠየቀች፤ እሱም ሌላ ሲጠፋው «ለደብሩ ሰበካ ጉባኤ ነው» አላት። እሷም የመሐረቧን ቋጠሮ ፈትታ አምስት ዩሮ አወጣችና በሁለት እጇ ለሴትዮዋ ዘረጋች። ሴትዮዋ ገንዘቡን አዩት፣ ወረቀቱን አዩት፣ አምስቱን ዩሮ መለሱላት። ሂሳቡ ስልሳ ነው፣ ይኼ ትርፍ ነው አሉ። ደረሰኝም ጻፉልን። «ታማኝ ናቸው፤ ብቻ መቁጠር ያበዛሉ» ብላ ፈረደች እማዬ።

ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሴትዮዋ ተመልሰው መጡ። ለአያትየው ነው ብለው ትኩስ የፕሪም ኬክ በሰሃን ይዘዋል። ደስ አለኝ፤ ሰሃኑን ስገልጠው አምስት ቁራጭ። በቅጹ ልክ! እማዬ ቅቤ አለው ብላ አልነካችውም። ማን እንደበላው አልናገርም፤ ባለቤቴ ይኼን ያነባል።

በእርግጥ ሴትዮዋን ብቻ አላማም። የራሳቸው ልጅ ለገና ሲመጣ ከወር በፊት ደውሎ፣ የሚደርስበትን ሰዓት ተናግሮ ነው የሚመጣው፤ እንዲያ ለለመደ ሰው እኛ ወረራ ነን። የአክስቴ ልጅም ቢሆን ደቂቃ ቀደም ብሎ ቢደውል ምን ነበረበት! ግን ይኼም ሕዝብ ጉድ ነው። የልጅ ኮቴ ያስቆጣዋል፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ማጠቢያ ማሽን ብትከፍቱ ጎረቤት ያንኳኳል፤ ራይን ዳር ደግሞ በሁለቱም ዳርቻ ሌሊቱን ሙሉ የዕቃ ባቡር እየጮኸ ሲያልፍ እንቅልፉን ይለጥጣል። እኛ ነን ስንገላበጥ ያደርነው። ይኼን በፎቶ አታዩትም።

እንግዲህ «እንዴት ልምጣ» ለምትሉኝ። የፎቶው ሁለት ቀን የስንት ወር ሥራ እንደሆነ አስቡት። የዚህ አገር ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ በ2026 13.90 ዩሮ ነው፤ ከዚያ ላይ ግብሩ፣ የጤና መድኑ፣ የጡረታው ይቀነሳል፣ የቀረውን የቤት ኪራይ ይበላዋል። እዚያ ስትመነዝሩት ያሰክራል፤ እዚህ ሲወጣ ግን የሚወጣው በዩሮ ነው። «ሥራና ቪዛ እንሰጣለን» የሚላችሁን የቴሌግራም ደላላ ትታችሁ ገንዘባችሁን ቋንቋ ላይ አውሉ፤ ለነርስነት ሥልጠና የምትመጡ በተለይ። ክፍል ውስጥ የሚፈትናችሁ ሰዋስው አይደለም የሚጠብቃችሁ፤ ሴትዮ ቅጽ ይዛ በር ላይ ስትቆም ቶሎ የሚመጣላችሁ መልስ ነው። ወላጅ ማስመጣት የምትፈልጉም ከመፈረማችሁ በፊት የደመወዝ ወረቀታችሁ ይበቃ እንደሆነ ጠይቁ።

እዚሁ ያላችሁ ደግሞ ሂዱ፣ ራይን አይቀርም። ከማይንስ ስትነሱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፣ ወንዙ በዚያ ነው። ከማይንስ እስከ ኮብሌንዝ ድልድይ ስለሌለ ማዶ የምትሻገሩት በጀልባ ነው፣ ለልጆች ከግንቡ ይልቅ እሱ ነው ደስ የሚላቸው። በእሁድ ሱቅ ስለማይከፈት እህላችሁን ቅዳሜ ግዙ። ባካራክ የምትባል ከተማ ላይ ሽታሌክ የሚባለው ግንብ የወጣቶች ማደሪያ ሆኗል፤ በመጠነኛ ዋጋ ግንብ ውስጥ ያስተኛችኋል፣ የአልጋ አንሶላውን ግን ራሳችሁ ናችሁ የምታነጥፉት። ምሳ ግን ወንዙ ዳር ሣሩ ላይ ብሉ፤ እዚያ ማንም አይቆጥራችሁም።

የኮሎኙ የአክስቴ ልጅ ይኼን እንደምታነብ አውቃለሁ። እማዬ ደህና ናት፣ ሰላም ትልሃለች። ስልሳው ዩሮ ግን እስካሁን አልደረሰንም።