«ይህ ቁጥር ቢቀየር ምን ይሆናል?» — ካድ የተማርኩበት መንገድ

ካድ፣ ማለትም ዕቃን በኮምፒውተር በልኬት መንደፍ፣ እንድማር ያደረገችኝ አንዲት የፕላስቲክ መያዣ ናት። የጠረጴዛ መብራቴን ክንድ ይዛ የምታቆመው እሷ ነበረች፤ አንድ ቀን ተሰነጠቀች። ምትክ ብፈልግ አጣሁ። 3ዲ ፕሪንተር ያለው ወዳጄ «ሞዴሏን ሥራና አምጣ፣ አትምልሃለሁ» አለኝ። እኔ ግን እስከዚያ ቀን በኮምፒውተር በልኬት የተሣለ አንድ መስመር እንኳ ሠርቼ አላውቅም ነበር።

ፍሪካድ የተባለውን የካድ ፕሮግራም መረጥኩ። ነፃ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሠራሁት ፋይል ክፍያ አለቀ ተብሎ አይዘጋብኝም። ፕሮግራሙ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያደገ የመጣ ሲሆን በአብዛኛው የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ተጠቃሚዎቹም ተሰባስበው እርስ በርስ ይረዳዳሉ። ለእኔ የኋላ ኋላ ከፕሮግራሙ የበለጠ የጠቀመኝ ይሄ ነው።

መጀመሪያ ግን ሰው አልጠየቅኩም። ሁለት ሳምንት ያህል ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። አስተማሪው የተጫነውን እጫናለሁ፣ የጻፈውን ቁጥር እጽፋለሁ፤ በመጨረሻ ቅርጹ እኔም ዘንድ ቁጭ ይላል። ደስ ይላል። ቪዲዮውን ዘግቼ ብቻዬን ስሞክር ግን ባዶውን ገጽ እያየሁ እቀራለሁ። የት እንደሚጫን አውቃለሁ፤ ለምን እንደሚጫን ግን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ቪዲዮውን ትቼ ካሊፐር የተባለውን የውፍረት መለኪያ አነሳሁ። የተሰነጠቀችውን መያዣ ለካሁ። የመብራቱ ቱቦ 12 ሚሊሜትር ነው። ቱቦውን የሚያቅፈው ቀለበት 3 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ቀለበቱ በአንድ በኩል ተሰንጥቆ ሁለት ጆሮ አውጥቷል፤ በጆሮዎቹ መካከል 4 ሚሊሜትር ብሎን ያልፍና ያጠብቀዋል። ከጎን ሲታይ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር ነው።

ይህንን ሁሉ አንድ ስኬች ላይ፣ ማለትም ዕቃው በሚወጣበት ጠፍጣፋ መነሻ ሥዕል ላይ፣ ሣልኩት። በዓይን ሲታይ ልክ ይመስል ነበር። ከዚያ ጆሮዎቹን ትንሽ ላስረዝም ብዬ አንድ ቁጥር ቀየርኩ። ቀለበቱ ተጠማዘዘ፣ አንደኛው ጆሮ ተገለበጠ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ከቅርጹ ውጭ ወጥቶ ቀረ። ሦስት ምሽት ታገልኩት። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል።

በአራተኛው ቀን የስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ለፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ላክሁ፤ «አልሠራልኝም» ብዬ። አንድ ሰው ወዲያው መለሰልኝ። «ፎቶውን ሳይሆን ፋይሉን ላክ። ምን ልታደርግ ፈልገህ እንደነበር፣ ምን እንደሆነብህና በየትኛው የፕሮግራሙ ስሪት እንደምትሠራ ጻፍ» አለኝ። ይህች ምክር እስከ ዛሬ ታገለግለኛለች። የካድ ችግር ፎቶ ላይ አይታይም። ችግሩ ያለው ቅርጹ የተሠራበት ቅደም ተከተል ውስጥ ነው፤ እሱ የሚታየው ደግሞ ፋይሉ ሲከፈት ብቻ ነው። ደግሞ እኮ ጥያቄውን በሥርዓት ለመጻፍ ስቀመጥ መልሱን ራሴ ያገኘሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፋይሉን ላክሁ። አስተካክሎ ይልክልኛል ብዬ ስጠብቅ ጥያቄ ላከልኝ። «ነገ ሌላ መብራት ብትገዛ የትኛው ቁጥር ይቀየራል? የትኛውስ አይቀየርም?»

እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ካድን እንደ ሥዕል ነበር የማየው። ለካ ሥዕል ሳይሆን ዝምድና ነው። ቀዳዳው ከጠርዙ ምን ያህል ይራቅ? የቱ መስመር ከየትኛው ጋር እኩል ይሁን? ምን ከምን ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ? ለፕሮግራሙ የምትነግረው ይህንን ነው፤ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ በራሱ ይመጣል።

ይህንን በደንብ ያስረዳኝ ተራው አራት ማዕዘን ነው። አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሁለት ጫፍ አለው፤ እያንዳንዱ ጫፍ ወደ ጎንም ወደ ላይም መሄድ ይችላል። ስለዚህ አንድ መስመር አራት ነፃነት አለው፣ አራት መስመር ደግሞ 16። አራቱን ጫፎች ስታገናኛቸው 8 ነፃነት ይጠፋል። ሁለቱን መስመሮች አግድም፣ ሁለቱን ቁም ስትል ሌላ 4 ይጠፋል። የቀረው 4 ነው፦ ወርድ፣ ቁመት፣ በገጹ ላይ ያለው የአግድም ቦታና የቁም ቦታ። እነዚህን አራቱን ስትወስን ምንም የሚላላ ነገር አይቀርም፤ ፍሪካድም ስኬቹን አረንጓዴ ያደርገዋል።

የእኔ የተበላሸ ስኬች ከ20 በላይ ነፃነት ቀርቶት ነበር። ቁጥሩን ስቀይር ፕሮግራሙ የላላውን ሁሉ እንደመሰለው አንቀሳቀሰው። ጥፋቱ የፕሮግራሙ አልነበረም። እኔ ያልነገርኩትን ከየት ያውቃል?

ሐሳቡ ራሱ የቆየ ነው። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ አይቫን ሰዘርላንድ በ1963 እ.ኤ.አ. በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ባቀረበው ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም ላይ ሰው ስክሪኑን በብርሃን ብዕር እየነካ መስመር ይሥልና «እነዚህ ትይዩ ይሁኑ፣ እነዚህ እኩል ይሁኑ» ብሎ ማሽኑን ማዘዝ ይችል ነበር። ይህንን ሳውቅ ገረመኝ። እኔ የታገልኩት ነገር ካድ ከተጠነሰሰበት ጊዜ ጀምሮ የነበረ ነው።

ከዜሮ ጀመርኩ። የቀለበቱን መሃል ከገጹ መሃል ነጥብ ጋር አሰርኩት። ሁለቱን ጆሮዎች በመሃል መስመሩ ግራና ቀኝ እኩል አደረግኋቸው፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ይከተላል። ሁሉንም በአንድ ስኬች ማጨቅ ትቼ ቀለበቱን ለብቻው፣ ጆሮዎቹን ለብቻቸው፣ ቀዳዳውን ለብቻው ሠራሁ። ዋና ዋና ልኬቶቹን ደግሞ ፍሪካድ ውስጥ ባለው የሠንጠረዥ ገጽ ላይ ጽፌ ስም ሰጠኋቸው፦ የቱቦ ዲያሜትር፣ የግድግዳ ውፍረት፣ የብሎን ቀዳዳ። ቀዳዳውን 4.5 አደረግሁት፤ 4 ሚሊሜትር ብሎን 4 ሚሊሜትር ቀዳዳ ውስጥ እንደልብ አያልፍም።

ጠርዞቹን ማለስለስ ሌላ ራስ ምታት ነበር። አምስት ጠርዝ አለስልሼ ከጨረስኩ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሼ አንድ ቀዳዳ ስጨምር ማለስለሻው ወደማይመለከተው ጠርዝ ዘለለ። ምክንያቱን ያስረዱኝ እነዚያው የፕሮግራሙ ተጠቃሚዎች ናቸው። ፕሮግራሙ ያኔ ጠርዞችን የሚያስታውሳቸው በቁጥር ነበር፤ ቅርጹ ሲቀየር ቁጥሩ ይዛባል፣ «ጠርዝ 7» ሌላ ጠርዝ ይሆናል። በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ፍሪካድ 1.0 ይህንን በብዙ አሻሽሎታል። እኔ ግን ያኔ የተማርኩትን ልማድ አልተውኩም። ማለስለስ የመጨረሻው ሥራ ነው። አዲስ ስኬች ስጀምርም ገና ሊቀየር በሚችል ገጽታ ላይ አልለጥፈውም፤ ፕሮግራሙ ራሱ ከሚሰጣቸው፣ ከማይቀየሩት ሦስት ዋና ገጾች በአንዱ ላይ ነው የማሳርፈው።

ፋይሉን ለወዳጄ ስልክለት ኤስቲኤል በሚባል የፋይል ዓይነት አድርጌ ነበር። ይህ ፋይል የቅርጹን የላይ ገጽ በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ብቻ ይይዛል። ሚሊሜትር ይሁን ኢንች አይናገርም፤ ተሳስቶ በኢንች የሚነበብ ከሆነ ዕቃው 25.4 ጊዜ ያድጋል። እኔ አልደረሰብኝም፣ ግን ልኬቱን አብሬ ሳልጽፍ አልልክም። ሌላ ሰው እንዲያሻሽለው ከሆነ ደግሞ የተለያዩ የካድ ፕሮግራሞች የሚያነቡትን ስቴፕ የተባለ የፋይል ዓይነት ወይም ዋናውን የፍሪካድ ፋይል እልካለሁ።

የመጀመሪያዋ መያዣ ታትማ ስትመጣ ቱቦው አልገባም አለ። ስኬቹ ላይ 12 ነው፣ ቱቦውም 12 ነው። ታትሞ የሚወጣ ቀዳዳ ግን ብዙ ጊዜ ከተሣለው ትንሽ ይጠባል። ሠንጠረዡ ላይ ሌላ ቁጥር ጨመርኩ፤ ስሙን «ክፍተት» አልኩት፣ 0.3 ሰጠሁት። ሌላ ምንም አልነካሁም። ሁለተኛዋ ልክክ ብላ ገባች። ከዚያ በፊት ቢሆን ሦስት ምሽት የሚፈጅብኝ ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ በብዛት የተማርኩት ግን ሌሎችን ስረዳ ነው። ጀማሪዎች የሚልኩትን ፋይል ከፍቼ ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፣ የት ላይ እንደተበላሸ እፈልጋለሁ። አብዛኛው የእኔው የድሮ ስህተት ነው፦ የላላ ስኬች፣ የቸኮለ ማለስለስ። መልሱን የማላውቀው ሲሆን ሌሎች የሚመልሱትን ቁጭ ብዬ አነባለሁ። አንዳንዴ አንድን ዕቃ ሦስት ሰው በሦስት መንገድ ይሠራዋል። ሦስቱንም አውርጄ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቁጥር እቀይራለሁ፤ የትኛው ሳይበላሽ እንደሚቆም አያለሁ። ከየትኛውም ቪዲዮ በላይ ይህ ያስተምራል። መማር ለጀመረ ሰው ሁሉ የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ የሰው ፋይል ክፈትና ቁጥሩን ቀይር።

በቅርቡ መብራቱን ቀየርኩት። የአዲሱ ቱቦ 16 ሚሊሜትር ነው። የድሮውን ፋይል ከፍቼ 12 የሚለውን 16 አደረግሁ። ቀለበቱ ሰፋ፣ ጆሮዎቹም አብረው ተገፉ። የብሎኑ ቀዳዳ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ከቀለበቱ መሃል ያለውን ርቀት 14 ብዬ በደረቁ ጽፌው ኖሯል። ቀለበቱ ስለሰፋ አሁን በቀዳዳው መሃልና በቀለበቱ የውጭ ጠርዝ መካከል የቀረው 3 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የብሎኑ ራስ 7 ሚሊሜትር፣ ግማሹ 3.5 ስለሆነ ከቀለበቱ ጋር ይጋጫል። 14ን አጥፍቼ የቱቦው ግማሽ ሲደመር የግድግዳ ውፍረት ሲደመር 5 አልኩት። ቀዳዳው ወደ 16 ሄዶ ቁጭ አለ።

ፋይሉን ያኔ ጥያቄ ለጠየቀኝ ሰው ላክሁለት። መልሱ አንድ መስመር ነበር። «የግድግዳው ውፍረትስ ቢቀየር?»

ከፈትኩት። 3ን 4 አደረግሁ። ሁሉም ተከትሎ ሄደ።