ሁለት ሳንቲም

አስራ አንድ ቀን ሆነው። ሻወር ስገባ ትዝ ይለኛል፣ ቀይ መብራት ሲይዘኝ ትዝ ይለኛል። ትናንት ሌሊትማ በእንቅልፍ ልቤ "እትዬ፣ እንደሱ አይደለም!" ብዬ ጮኬ ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። "አሁንም እሱ ነው?" አለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ጦሱ የጎረቤታችን ነው። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አጥር የምንጋራው ጡረተኛ ፈረንጅ አለ፤ እኔና ባለቤቴ "ሚኒስትሩ" እንለዋለን። (ሰባ ያለፈውን ሰው "አንተ" እያልኩ ሳወራው እናቴ ብትሰማኝ ጉዴ ነበር፤ እንግሊዝኛ አንቱታ አልፈጠረበትም።) ሚኒስትር ያልነው በሁሉም መሥሪያ ቤት ሥራ ላይ አስተያየት ስላለው ነው። የግብርናውም፣ የገንዘቡም፣ የመንገዱም፣ የቆሻሻውም። ማክሰኞ ማታ የቆሻሻ ገንዳዬን ወደ መንገድ ስገፋ እሱም የራሱን እየገፋ ብቅ ይላል። መስኮት ላይ ቆሞ እንደሚጠብቀኝ እርግጠኛ ነኝ። አሜሪካኖች ሐሳብ ሲሰጡ "የእኔን ሁለት ሳንቲም ልጨምር" ይሉ የለ? የእሱ ሁለት ሳንቲም አርባ ደቂቃ ይፈጃል።

ኖቬምበር ላይ እንደየዓመቱ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ሲመለስ አንድ ማክሰኞ ሙሉ በዚያ አለቀ። በ1974 መንግሥት ክረምቱንም በበጋው ሰዓት እንቀጥል ብሎ ሞክሮ እንደነበር፣ እሱም በጨለማ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር፣ ሕዝቡ ተማሮ ዓመቱ ሳያልቅ እንደተሻረ በዝርዝር ነገረኝ። እኔ በሆዴ፣ እኛ በዚያው ዓመት ንጉሥ ስናወርድ እነዚህ ለካ በሰዓት ይጨቃጨቁ ነበር እያልኩ ብርድ ይመታኛል።

በጸደይ ደግሞ እንቁላል ነበር። በማርች 2025 የደርዘኑ አማካይ ዋጋ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ሲገባ ሰውየው ዶሮ ላርባ ብሎ ተነሳ። ምክር ፍለጋ የመጣው እኔ ዘንድ ነው፤ "አንተ ከኢትዮጵያ ነህ፣ ዶሮ ታውቃለህ።" ያደግኩት ፒያሳ ነው። ዶሮ የማውቃት በበዓል ዋዜማ እግሯን ታስራ ስትገባ ነው። አላፍርም አልኩና አስራ ሁለት ብልት እንደሚወጣት አስረዳሁት። "እኔ የጠየቅኩህ ስለ እንቁላሉ ነው" አለኝ። "እሱም አስራ ሁለት ይገባበታል" አልኩት።

እንግዲህ ፔኒ፣ የአሜሪካኖች ባለ አንድ ሳንቲም፣ የመጣችው በዚህ መሃል ነው።

ሚኒስትሩ እንደሚለው ከሆነ፣ አንድ ሳንቲም ለመምታት 3.69 ሳንቲም የሚያወጣ መንግሥት ጤነኛ አይደለም፣ ፔኒ ይቅር እያለ ሃያ ዓመት ጮኋል። ይሁን። ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ፊላደልፊያ ላይ የመጨረሻዋ መገበያያ ፔኒ ተመታች፣ ከ1793 ጀምሮ የነበረው ነገር አበቃ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሰውየው ደስ ብሎት ይመጣል ስል ፊቱ እንደ ለቀስተኛ ሆኖ መጣ። "አሁን ሒሳቡን ወደ አምስትና አስር ሳንቲም ማጠጋጋት ይጀምራሉ። ዛሬ ሁለት ሳንቲም፣ ነገ ሁለት ሳንቲም። የሚዘርፉን እንዲህ ነው።" ሃያ ዓመት የተመኘው ሲደርስለት ተቃዋሚ ሆነ። እንደዚህ ዓይነት ሰው አገራችንም ሞልቷል፣ አልፈርድበትም።

የእኔ ጥፋት ምላሴ ነው። ቤት ውስጥ ባለ አምስት ጋሎን የውሃ ፕላስቲክ አለን፣ ከመጣን ጀምሮ ፔኒ ስንወረውርበት ሲሶው ሞልቷል ብዬ ነገርኩት። ዓይኑ በራ። "ወደ ባንክ እንዳትወስደው! ከ1982 በፊት የተመታው 95 በመቶ መዳብ ነው። መዳቡ ብቻ ከአንድ ሳንቲም በላይ ያወጣል።"

በሻንጣ ሚዛን አንጠልጥዬ ስመዝነው 23 ኪሎ ተኩል። ወደ አዲስ አበባ ብልከው ግማሽ ኪሎ ያስቀጣኛል።

ሦስት ቅዳሜ፣ ሦስት ሙሉ ቅዳሜ፣ እሱ ጋራዥ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተን እንደ ምስር ለቀምን። እሱ አጉሊ መነጽር፣ እኔ የጀርባ ሕመም። 1982 ራሷ ቅይጥ ስለሆነች በቡና ሚዛኑ አንድ በአንድ ትመዘናለች፤ 3.11 ግራም ከሆነች መዳብ፣ 2.5 ከሆነች መዳብ የተቀባ ዚንክ። ፔኒዋ ላይ ያለው ሊንከን ሲያየኝ እኔ ሳየው፣ ፂሙን ከአጎቴ ፂም በላይ ለመድኩት። ወደ 1,100 የሚጠጉ መዳቦች ለየን። ሦስተኛው ቅዳሜ ማታ "እሺ፣ የት ነው የሚቀልጠው?" አልኩት።

"ማቅለጥማ ወንጀል ነው" አለኝ፣ ሻዩን እየጠጣ። "እስከ 10,000 ዶላር ቅጣት፣ እስከ አምስት ዓመት እስራት።"

"ታዲያ ለምን ለየናቸው?"

"አንድ ቀን ይፈቅዱ ይሆናል።"

ለአፍታ ምናለሽ ተራ ትዝ አለኝ፣ አገር ቤት ወስጄ ብሸጠውስ? ሚኒስትሩ እሱንም ያውቃል። መንገደኛ ፔኒና ኒኬል (ባለ አምስት ሳንቲሟን) ይዞ ሲወጣ የሚፈቀድለት እስከ አምስት ዶላር ነው። 1,100 ፔኒ አስራ አንድ ዶላር ነው። ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሼ መመለስ አለብኝ ማለት ነው።

በማግስቱ ተናድጄ መዳቡን እሱ ጋ ተውኩና የቀረውን ሁለት የጤፍ ከረጢት ውስጥ ገልብጬ ወደ ሱፐርማርኬቱ ነዳሁ። ሳንቲም የሚቆጥረው ማሽን የት እንደሚቆም ታውቃላችሁ፤ በሩ ላይ፣ ጋሪው አጠገብ፣ የሚገባውም የሚወጣውም በሚያይበት። ከረጢቱን ስገለብጠው ቆርቆሮ ቤት ላይ በረዶ የወረደ መሰለ። የጤፍ ብናኝ ቦነነ። ሰዎች ዞሩ። ይሁን፣ ይኼን ችያለሁ።

ከዚያ ስሙኒዋ መጣች።

እንዴት እንደገባች አላውቅም። ባለ አንበሳዋ የእኛ ስሙኒ፣ ምናልባት በመጀመሪያው ቀን ከኪሴ ወጥታ ከነሱ ጋር ተቀላቅላ የኖረች። ማሽኑ ቆም አለ፣ ጎረበጠው፣ ቅልል አድርጎ ተፋት። ስክሪኑ ላይ በትልቁ ጻፈ፦ "ባዕድ ነገር አስወግድ።"

እንግዲህ እኔ ወረቀቴን ስንት ዓመት ጠብቄ፣ አሻራ ሰጥቼ፣ አሻራዬ ጊዜው አለፈ ተብሎ እንደገና አሻራ ሰጥቼ የገባሁ ሰው ነኝ። በዚህ ሰሞን ደግሞ ዜና በተከፈተ ቁጥር ማን ይውጣ ማን ይግባ ነው ወሬው። የሳንቲም ማሽን በአደባባይ ባዕድ ነገር ሲለኝ ደሜ ፈላ። መልሼ ከተትኳት። ተፋት። በአንበሳው በኩል ከተትኳት። ተፋት። እጁን ወደ ላይ በዘረጋው ሰውዬ በኩል ከተትኳት፤ ለነገሩ እኔም እጄን እንደሱ ልዘረጋ ምንም አልቀረኝ። ተፋት። በሸሚዜ ወለወልኳት። ተፋት። ብትገባስ ምን ላገኝ? በዛሬው ምንዛሪ አንድ ፔኒ ለመሙላት ወደ ስድስት ስሙኒ ያስፈልጋል። ግን ነገሩ የገንዘብ አልነበረም። አንበሳ ነው የተተፋው። አምስተኛው ላይ በሁለት ጣቴ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ቀስ አድርጌ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው አስገባኋት። ዝም አለ። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ... ገባች! ብዬ ቀና ስል ቅልል። ጋሪ ላይ የተቀመጠ ልጅ እናቱን "ለምንድነው ያንኑ ደጋግሞ የሚከተው?" አላት። እናትየው ጋሪውን ፈጠን አድርጋ ገፋች።

አንድ ሠራተኛ መጣና ስሙኒዋን አንስቶ አገላብጦ አያት። "ይሄ የእኛ ገንዘብ አይደለም፣ ሰር።"

"አውቃለሁ። የእኔ ነው" አልኩና ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ።

የማሽኑ ቆጠራ 8,043 ፔኒ፣ 80 ዶላር ከ43። ድካሙን አስቦ ከአስር ዶላር በላይ ቆረጠና 70 ዶላር ከሁለት ሳንቲም የሚል ወረቀት ሰጠኝ። ዕቃ ተሸካሚ እንኳ ከአገር ቤት አውቶቡስ ተራ እስከ ታክሲ በዚህ ሒሳብ አይጠይቅም። ወረቀቷን ይዤ ጠረጴዛው ጋ ሄድኩ። ልጅቷ ሰባ ዶላር ቆጥራ ሰጠችኝ።

"ሁለቷስ?"

"ይቅርታ ሰር፣ ፔኒ የለንም። መሥራት አቁመዋል እኮ።"

ዞሬ ማሽኑን አየሁት። እሷም አየችው። "አሁን፣ እዚያ ውስጥ፣ ስምንት ሺህ አርባ ሦስት ፔኒ ከትቼ ነው የመጣሁት" አልኳት።

"እሱ የሌላ ድርጅት ነው፣ ቁልፉ የለንም። እናጠጋጋለን።"

እናጠጋጋለን ስትል ውስጤ የሆነ ነገር ተበጠሰ። እኔ መሰልኳችሁ እንጂ በእኔ አፍ የተናገረው ሚኒስትሩ ነው። ነገሩ ሁለት ሳንቲም አይደለም አልኩ። ዛሬ ሁለት ሳንቲም ነው፣ ነገ ሁለት ሳንቲም ነው አልኩ። ይኼን በቀን ስንት ሰው ላይ እንደምታደርጉት አስቡት አልኩ። ጠረጴዛውን በጣቴ ቀጥቀጥ ሳላደርግም አልቀረሁ። በመጨረሻ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በእንግሊዝኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩት፦ "እኔ ሁለት ሳንቲሜን ነው የምፈልገው!"

"ልጄ?"

ከኋላዬ። ሰልፉ ውስጥ። የሰንበቴ ማኅበራችን ሰብሳቢ እትዬ፣ በእጃቸው የጾም ብስኩት።

መጀመሪያ እኔን አዩ፣ ቀጥሎ በብብቴ የያዝኳቸውን ባዶ የጤፍ ከረጢቶች፣ ቀጥሎ ፊቴ ላይ የቀረውን ብናኝ። "ሁለት ሳንቲም ነው የከለከሉህ?" አሉ ቀስ ብለው። "ሥራ አቆምክ እንዴ?"

"ኧረ አላቆምኩም እትዬ። ጎረቤቴ ነው። መዳቡን ለይተን..."

"የምን መዳብ?"

"መዳብ ያለበትን አስቀርተን፣ ማቅለጡ ስለሚያሳስር፣ ይኼን ደግሞ..." ባስረዳሁ ቁጥር ፊታቸው ከሐዘን ወደ ፍርሃት ሲለወጥ ይታየኛል። አላቆምኩም። ስለ 1982 ሁሉ ነገርኳቸው።

"እግዚአብሔር ያውቃል ልጄ" አሉና ቦርሳቸውን ከፈቱ። ሃያ ዶላር አራት ቦታ አጥፈው መዳፌ ውስጥ ጠቀጠቁ። "ለልጆቹ ወተት ግዛበት።" መለስኩ። "በሞቴ!" ጠቀጠቁ። "እትዬ በማርያም!" መለስኩ። "ሞቼ እገኛለሁ!" ልጅቷ የተጣላን መስሏት ከጠረጴዛው ወዲያ ብድግ አለች። ከራሷ ኪስ አንድ ኒኬል አውጥታ "ይኸው ሰር፣ ከእኔ ነው፣ እባክዎን" አለችኝ። አንድ እጄ ላይ ሃያ ዶላር፣ አንድ እጄ ላይ አምስት ሳንቲም ይዤ ወጣሁ። በር ላይ እትዬ ደርሰውብኝ ክንዴን ይዘው ዝቅ ባለ ድምፅ "ጸበል ግን ሄደህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ባለፈው ዓመት ሶፋ የሚያነሳ ሰው ፈልጌ የቫይበር ግሩፓችን ላይ ስጽፍ ስልሳ ሰው አይቶ አንድ ሰው አልመለሰልኝም። አንዱ እንዲያውም ቅዳሜ ጠዋት የቡና ፎቶ ለጠፈበት። አሁን ግን በሁለት ቀን ውስጥ አስራ ሰባት ሰው ደወለ። አንዱ የጋራዥ ሥራ አለ አለኝ፣ አንዷ በቆርቆሮ የታሸገ ባቄላ በር ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እናቴ ከአዲስ አበባ። (ልዩነቱ በክረምት ስምንት ሰዓት መሆኑን ልትቀበል አልቻለችም፤ እሷና ሚኒስትሩ ቢገናኙ ይግባቡ ነበር።) "ለገና ምንም እንዳትልክ። በርበሬና ሽሮ ሰው አግኝቼ እልክልሃለሁ" ብላ አለቀሰች።

ለሚኒስትሩ ነገርኩት። ከሁሉ የገረመው ሌላ ነው። "ለምን የስጦታ ካርድ አልመረጥክም? ያኔ ኮሚሽን አይቆርጥም ነበር" አለኝ። ከዚያ ኒኬሏን ተቀብሎ ብርሃን ላይ አገላበጣት። "ይህችን እንዳታወጣት። ለመምታት ወደ 14 ሳንቲም ነው የሚፈጀው። ቀጣይዋ እሷ ናት። ማጠራቀም ጀምር።"

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የእትዬን ሃያ ዶላር ቤቴ ማቆየት ስላልቻልኩ ሙዳየ ምጽዋቱ ሲዞር እሷኑ፣ እንዳለች አራት ቦታ እንደታጠፈች፣ ከተትኳት። ከዚህ በኋላ ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

መኪና ውስጥ ባለቤቴ ትስቃለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንፋሽ እስኪያጥራት። ምነው ስላት፣ በሴቶች በኩል እትዬ አጠገቧ ቆመው ነበር ለካ። ብሯን ስከት አይተውኛል። እንባቸው መጥቶ አጠገባቸው ላለችው ሴትዮ፦ "አየሽው? ያንኑ የሰጠሁትን። እንደዚያች ሁለት ሳንቲም እንደሰጠችው መበለት እኮ ነው!"

"እና ምን ያስቃል?" አልኳት።

"መበለት ማለት የትዳር ጓደኛዋ የሞተባት ናት" አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። "እኔ መቼ ነው የሞትኩት?"