ብረት ካድሚየም መስሎ ሸወደኝ

ናሙናዎቹ ከጅማ አካባቢ የመጡ ቀይ አፈሮች ነበሩ። ግማሽ ግማሽ ግራም መዝኜ በአኳ ሬጂያ (የሃይድሮክሎሪክና የናይትሪክ አሲድ ድብልቅ) አፈላሁ። ወደ 50 ሚሊሊትር ሞልቼ ለአይሲፒው ሰጠሁት፤ ይህ መሣሪያ መፍትሔውን እጅግ በጋለ ጋዝ (ፕላዝማ) ውስጥ ያስገባና እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በሚያወጣው ብርሃን መጠኑን ይለካል። ውጤቱ ሲመጣ ካድሚየሙ፣ ያ መርዛማ ብረት፣ በኪሎ አፈር 8 ሚሊግራም! ደነገጥኩ። ፋብሪካ የለ፣ ማዕድን ማውጫ የለ፤ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት እጄን ነው። ዕቃውን በአሲድ አጥቤ ደገምኩት፤ ያው 8። ብላንኩ (አፈር የሌለበት መፍትሔ) ንጹሕ ነው። ቀጥዬ ናሙናው ላይ በሊትር 0.1 ሚሊግራም ካድሚየም ጨምሬ ለካሁ። ከጨመርኩት 98 በመቶው ተነበበ። በቃ፣ ልክ ነኝ ብዬ ሪፖርት መጻፍ ጀመርኩ።

ጋሼ የምንላቸው የላብራቶሪው አንጋፋ ወረቀቱን አዩና፣ «በየትኛው የብርሃን መስመር ለካኸው?» አሉኝ።

«በ226.502 ናኖሜትር።»

«እስቲ ብረቱን ለብቻው አስለካው» ብለው ሄዱ።

ካድሚየም የሌለው፣ በሊትር 1000 ሚሊግራም ብረት የያዘ መፍትሔ አዘጋጀሁ። መሣሪያው በሊትር 0.1 ሚሊግራም ካድሚየም አነበበ። ለካ ብረት ፕላዝማው ውስጥ 226.505 ላይ ያበራል፤ መሣሪያዬ ሁለቱን መለየት አይችልም። ብረቱ ራሱ በካድሚየም ተበክሎ ይሆን ብዬ በሌላው የካድሚየም መስመር፣ በ228.802 አየሁት፤ ምንም የለም። አፈሩ 8 በመቶ ብረት ነው። ስለዚህ መፍትሔው ውስጥ በሊትር 800 ሚሊግራም አለ። ይህ በሊትር 0.08 ሚሊግራም ካድሚየም መስሎ ይነበባል፤ ወደ ኪሎ አፈር ሳሰላው 8ቱም ሚሊግራም የብረት ሥራ ሆኖ ተገኘ።

ያ 98 በመቶ እስካሁን ያበሽቀኛል። የብረቱ ብርሃን ካድሚየም ከመጨመሬ በፊትም በኋላም እኩል ይደመራል፤ ልዩነቱን ስወስድ ይጠፋል። ሙከራው የነገረኝ ምልክቱ አለመታፈኑን ብቻ ነው። በሁሉም መፍትሔ እኩል ጨምረን ለማነጻጸሪያ የምንለካው ንጥረ ነገር፣ ኢትሪየምም፣ እዚህ አያድንም። እሱ የሚረዳው መፍትሔው ወፍሮ ወደ ፕላዝማው የሚገባው ሲያንስ ነው። (አፈር ራሱ ኢትሪየም እንዳለው ደግሞ አትርሱ።)

የብረቱን ድርሻ አስልቶ መቀነስም ይቻላል፤ ሞክሬዋለሁ። ግን ከ0.08 ላይ 0.08 ገደማ ስትቀንስ የሚተርፈው ቁጥር አንዴ ከዜሮ በላይ፣ አንዴ በታች ይሆናል። ትቼው ወደ 228.802 ዞርኩ።

8ን ሰርዤ «ከመለኪያ ወሰን በታች» ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ ሊፈርሙ እስክሪብቶ አነሱና ቆም አሉ።

«228.812 ላይስ ማን አለ?»

«አርሴኒክ። ለክቼዋለሁ፣ እዚህ አፈር ላይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።»

ፈረሙ።